ዳንኤል ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦

የመጀመሪያዬን የፍቅር ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ታሪኩ የሚካሄደው ፓሪስ ነው። ሄጄ አላውቅም፤ ለፍቅር የሚስማማ ከተማ ስለመሰለኝ ነው የመረጥኩት። ማርታ ፎቶ አንሺ ናት። ቆንጆ ናት፣ ቁንጅናዋን ግን አታውቀውም። ዳንኤል የትልቅ ኩባንያ ባለቤት ነው፤ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ አንዴ ልቡ የተሰበረ። በር ላይ ተጋጭተው ወረቀቷ ሲበተን ይተዋወቃሉ። (ይሄኛው በእውነት አክስቴ ላይ የደረሰ ነው።) ከዚያ እፍ ክንፍ ይላሉ። መሃል ላይ ማርታ ዳንኤልን ሌላ ሴት አቅፎ ታየውና ጥላው ትሄዳለች፤ ሴትየዋ እህቱ ሆና ትገኛለች። ረቂቁን ለቅርብ ጓደኛዬ ሰጠኋት። አንብባ ስትመልስልኝ «አጻጻፍሽ ያምራል፣ ግን አላመንኳቸውም» አለችኝ። የቱን ነው ያላመንሽው ስላት «እንጃ፣ ሁሉንም» አለች። ከየት ልጀምር?

ያልታመነችው

መልስ፦

ውድ ያልታመነችው፣

በመጀመሪያ ጓደኛሽን አትቀየሚያት። «ያምራል» ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ አብዛኛው ወዳጅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። «እንጃ፣ ሁሉንም» ማለቷም ከስንፍና አይደለም። አንባቢ ማመን ሲያቆም የቱ ገጽ ላይ እንዳቆመ አያስታውስም። ገጹን መግለጡን ይቀጥላል፣ ልቡ ግን ሄዷል።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሻቸውን ምዕራፎች አነበብኳቸው። እጅሽ ጥሩ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮችሽ አይጎረብጡም። ችግሩ ወዲህ ነው፦ ማርታና ዳንኤል በር ላይ ከመጋጨታቸው በፊት ኑሮ የላቸውም። ማርታ ጠዋት ተነስታ ከቤት የምትወጣው ለመጋጨት ነው። ዳንኤልም በዚያ በር የሚያልፈው እሷን ለመግጨት ነው። ፍቅር ግን ሰው ሌላ ነገር ላይ ተጠምዶ እያለ ነው የሚመጣበት። የተሞላ ሕይወት ውስጥ ቦታ አስለቅቆ ይገባል። የደስታውም የፍርሃቱም ምንጭ ይሄ ማስለቀቁ ነው። ያንቺ ሰዎች የሚያስለቅቁት ነገር የላቸውም። ጓደኛሽን አልዋጥ ያላት እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ፦ ዳንኤል ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ይሠራል?

እየቀለድኩብሽ አይደለም። የትልቅ ኩባንያ ባለቤት ነው ብለሽኛል። ኩባንያው ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ስልኩ አይጠራም። ሠራተኛ አይለቅበትም። ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ማርታን ወንዝ ዳር ይዟት ይንሸራሸራል፤ «የት ነህ?» የሚለው ሰው የለም። ሀብቱ የሚታየው መኪናውና የእጅ ሰዓቱ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አንባቢ በደንብ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ከሌሎች ልብ ወለዶች ነው።

አንድ ሥራ እንስጠው። እኔ ብሆን የሊፍት ጥገና ድርጅት እሰጠዋለሁ። ትልቅ መሆን የለበትም። ከአባቱ የወረሰው፣ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት፣ ወር ሊያልቅ ሲል ስለ ደሞዝ እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣበት ድርጅት ይበቃል። ሥራ ለገጸ ባሕርይ ዓይንና ጆሮ ይሰጠዋል። ሊፍት የሚጠግን ሰው አዲስ ሕንፃ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ሞተሩን ነው። በሩ ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል? ሁለት ፎቅ መሃል ሲቆም ውስጥ ያሉትን ሰዎች በምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚያረጋጋቸው? ይህን ካሳየሽኝ «ዳንኤል ጥንቁቅና ደግ ሰው ነበር» የሚለውን መስመር ብትሰርዢው ማንም አይናፍቀውም። ለምን ሊፍት እንዳልኩሽ ደግሞ ትንሽ ቆይተሽ ታዪዋለሽ።

ወደ ፓሪስ እንምጣ። ሳይሄዱ ስለ አንድ ከተማ መጻፍ ክልክል አይደለም። ግን እንግሊዛዊቷ ልብ ወለድ ጸሐፊ ጄን ኦስተን ለወንድሟ ልጅ የሰጠችውን ምክር ላካፍልሽ። እ.ኤ.አ. በ1814 አና የምትባለው ወጣት የራሷን ልብ ወለድ እየጻፈች በየጊዜው ለአክስቷ ትልክላት ነበር። አክስቷ በዚያን ጊዜ ሦስት ልብ ወለዶች አሳትማለች። በመልስ ደብዳቤዎቿ ውስጥ ስለ ሥነ ጽሑፍ ትልልቅ ሐሳብ የምትፈልጊ ከሆነ አታገኚም። የምታገኚው እንዲህ ያለውን ነው፦ ሰዎችሽ ዶሊሽ ከሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ተነስተው ባዝ የሚባለው ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል፣ 100 ማይል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ላይም የሚባለው ከተማ ከዶሊሽ 40 ማይል ስለሚርቅ ወሬው እዚያ አይነሳም፤ ስሙን በሌላ ቅርብ ቦታ ተክቼዋለሁ። ሰዎችሽ አየርላንድ ቢሄዱ ይሂዱ፤ አንቺ ግን የዚያን አገር ወግ ስለማታውቂ አብረሻቸው ባትሄጂ ይሻላል።

የመጨረሻዋን እወዳታለሁ፤ መውጫ መንገድ ትሰጥሻለች። ዳንኤል ፓሪስ ሄዶ መመለስ ይችላል። ተራኪዋ የምታውቀው ቦታ ትቆይና ከዚያ የሚመጣውን መልእክት፣ የሚደወለውን ስልክ፣ ሲመለስ የተለወጠውን ፊት ትጽፋለች። ወይም ደግሞ ከተማውን ራስሽ ፈጥረሽ ስም ታወጪለታለሽ። ያኔ ካርታውን በወረቀት ሳዪው፤ ከማርታ ቤት እስከ ዳንኤል ቢሮ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ አንዴ ወስኚና አትቀይሪው። አይሆንም፣ ፓሪስ ውስጥ ነው የምቆየው ካልሽ ግን ከተማዋን እንደ ጎብኚ ማየት ማቆም አለብሽ።

አሁን ያለችው ፓሪስሽ የፖስታ ካርድ ናት። ማርታ መስኮት በከፈተች ቁጥር የኤፍል ግንብ ይታያል። ጎዳናው ላይ ሁልጊዜ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው አለ። ሰኔ ላይ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በከዋክብት ሥር ይሳሳማሉ። እዚህ ጋ ቆም በይ። በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በ2 ሰዓት ፀሐይዋ ገና ዓይናቸው ውስጥ ናት። ሰዓቱን ብቻ አርመሽ እንዳታልፊ ግን፤ ስህተቱ ከጻፍሽው የተሻለ ትዕይንት ይሰጥሻል። ጨለማ ፈልገው የማይመሽላቸው ሁለት ሰዎች! አንዱ «እንሂድ» ለማለት መምሸቱን ይጠብቃል፣ አይመሽም። ሌላዋ ላለመለያየት ምክንያት ትፈልጋለች፣ ብርሃኑ ራሱ ምክንያት ይሆንላታል። እንዲህ ነው መቼት ሥራ የሚሠራው።

ማርታ የት ነው የምትኖረው? «ውብ በሆነች ትንሽ አፓርትመንት» ብለሻል። ገንዘብ የሌላት ፎቶ አንሺ ፓሪስ መሃል ከኖረች ምናልባት ከድሮ ሕንፃ ጣራ ሥር ካሉት ጠባብ ክፍሎች በአንዱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቤት ሠራተኞች የተሠሩ ናቸው፤ ስድስተኛ ፎቅ ወይም ከዚያ በላይ። ብዙዎቹ መጸዳጃቸው ኮሪደር ላይ ነው፣ ከጎረቤት ጋር ይጋሩታል። በፈረንሳይ ሕግ አንድ ክፍል ለመኖሪያ ለመከራየት በመሠረቱ ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ20 ከፍታ ሊኖረው ይገባል። 9 ካሬ ሜትር ውስጥ አልጋና ጠረጴዛ አስገቢ። የቀረውን ወለል አስቢው። ዳንኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የት ነው የሚቀመጠው? ወንበር የለም፤ ያለው አልጋው ነው። ቆሞ ይቀራል? ጣራው ዘመም ያለ ስለሆነ ረጅሙ ጀግናሽ ጎንበስ ብሎ ነው የሚቆመው። ቁመቱ እስካሁን ማስዋቢያ ነበር፣ አሁን ጣጣ ሆነበት። አየሽ?

እነዚህ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ደረጃ አላቸው። አንዱ ሰፊ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ መሃሉ ላይ ሊፍት የገባለት፣ ለትልልቆቹ አፓርትመንቶች። ሌላው በጓሮ በኩል ያለ፣ ጠመዝማዛና ጠባብ፣ ድሮ ሠራተኞች ይመላለሱበት የነበረ። ዳንኤል በፊት ለፊቱ ያለውን ሊፍት ሊጠግን ይመጣል። ማርታ በጓሮው ደረጃ ዕቃዋን ተሸክማ ስድስት ፎቅ ትወጣለች። አንድ ሕንፃ፣ አንድ አድራሻ፣ ሁለት መግቢያ። የመደብ ልዩነት፣ ትዕቢት፣ ሀፍረት፣ ይህ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ተሠርቶ ቆሟል። ሊፍት ያልኩሽ ለዚህ ነው።

የመንገድ በሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በኮድ ነው። በረቂቅሽ ዳንኤል እኩለ ሌሊት ላይ አበባ ይዞ የማርታን ክፍል ያንኳኳል። ማን አስገባው? ኮዱን ካላወቀ ውጭ ቆሞ ነው የሚያድረው። ጸሐፊዋ ሳታውቅ የዘለለችው በር ይሄ ነው፤ አንባቢ ከተማዋን የሚያውቅ ከሆነ እዚያ ላይ ይለቅሻል። ብታውቂው ግን ማርታ ኮዱን የምትሰጥበትን ትዕይንት ታገኚያለሽ። በቃል ትነግረዋለች ወይስ ወረቀት ላይ ትጽፍለታለች? ከነገረችው በኋላ ሦስት ምዕራፍ ቆይቶ ሲጣሉ ኮዱ እንዳልተቀየረ ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ ግን አይጠቀምበትም። ከበሩ ማዶ ቆሞ ይደውላል።

አንድ ሌላ ነገር፦ በእንዲህ ያሉ ሕንፃዎች የደረጃ መብራት በሰዓት ቆጣሪ ነው የሚሠራው። ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ ጥቂት ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ያንቺን የመሳሳም ትዕይንት ገሸሽ አድርጌ ይህን ሞከርኩ፦

ማርታ ከፊት፣ ዳንኤል ከኋላ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ መብራቱ ጠፋ።
«ቆይ» አለች። ግድግዳውን ስትዳብስ እጁ በትከሻዋ በኩል አለፈና አንድ ነገር ተጫነ። መብራቱ መጣ።
«እንዴት አወቅከው?»
«ሠሪዎቹ ሁሌ አንድ ቦታ ነው የሚያደርጉት።»
«እኔ ስንት ዓመት ኖሬበት እስካሁን እዳብሳለሁ።»
«ቆጣሪው አጥሮ ነው። ማስረዘም ይቻላል።»
«አይ» አለች ማርታ። «ይሁን፣ ተወው።»

እዚህ ውስጥ ፍቅር የሚል ቃል የለም። ልብ አልመታም፣ ጉልበት አልከዳም። ሰውየው በሙያው ነው የተናገረው፤ እሷም ስለ መብራት ነው የመለሰችው። የሚዋደዱ ሰዎች መጀመሪያ ላይ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት። ያንቺ ሰዎች ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ነፍሳቸው ያወራሉ። በሁለተኛ ቀኑ «ካንቺ በፊት አልኖርኩም» የሚል ሰው በእውነቱ ዓለም ቢያጋጥምሽ ስልክ ቁጥርሽን ትቀይሪያለሽ።

አሁን ጉድለታቸውን እንይ። ማርታ ዕቃ ትጥላለች፣ ትደናቀፋለች። ይሄ ጉድለት አይደለም፣ ጌጥ ነው፤ ማንም አልተጎዳበትም። እውነተኛ ጉድለት ሌላ ሰው የሚከፍልበት ነው። ከላይ ያለውን ትዕይንት አንድ እርምጃ ውሰጂው። ማርታ «ተወው» ብላዋለች። ዳንኤል ግን የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። በሳምንቱ ማርታ ደረጃውን ስትወጣ መብራቱ እስከ ስድስተኛው አይጠፋም። ሄዶ አስተካክሎታል። ደስ እንዲላት ነው። እሷ ግን ትናደዳለች፤ ለምን እንደተናደደች ለማስረዳት ስትሞክር ደግሞ ነገሩ የሞኝ ወሬ ይመስላል። «መብራት ስለሰራሁ ነው?» ይላታል፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። እዚህ ላይ ሁለቱንም አምኛቸዋለሁ። ደግነቱና ጥፋቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሳይጠይቀው ያስተካክላል። የማርታም እንደዚሁ ነው፤ የምትፈልገውን አትናገርም፣ ሰው እንዲያውቅላት ትጠብቃለች፣ ሳያውቅ ሲቀር ትቀየማለች።

ከዚህ በኋላ የእህትየዋን ነገር ጣይው። እባክሽ። ወንድ ሴት አቅፎ ታየ፣ ጀግናዋ ሳትጠይቅ ሸሸች፣ እህቱ ነበረች። እጅ እጅ ብሏል። አንድ ደቂቃ ቁጭ ብሎ በማውራት የሚፈታ ችግር ለአንድ ልብ ወለድ መሃል አይበቃም፤ አንባቢ መጽሐፉ ላይ «ጠይቂው!» ብሎ ይጮሃል። መለያየቱ ውሃ የሚያነሳው ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ነው።

ክፍሏን በሁለት ዓይን ጻፊው። ማርታ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የጣራውን መስኮት ነው። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ አልጋው ላይ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ታውቃለች። ጥሩ ፎቶዎቿን ያነሳችው እዚያ ነው። ዳንኤል ሲገባ የሚያየው የመስኮቱን ጠርዝ ነው፤ ውሃ ያሰርጋል። ጣውላው አብጧል። የኤሌክትሪክ ገመዱ አሮጌ ነው። እሷን እዚያ ክፍል ውስጥ አስቦ መተኛት ያቅተዋል። ስለዚህ ሳይነግራት ሊፍት ያለው ሕንፃ ውስጥ ሌላ ክፍል ይፈልግላታል፣ ቀብድ ሁሉ ይከፍላል። ቁልፉን ሲሰጣት የሚሆነውን አንቺ ጻፊው። እሱም ልክ ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ነው። እሷም ልክ ናት፣ ሕይወቷን ማንም አልጠየቃትም። ይሄን ጠብ ተቀምጦ በማውራት መፍታት አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ቢቻል ሁለቱም፣ ትንሽ መለወጥ አለባቸው። የቀረው ግማሽ መጽሐፍሽ ይሄው ነው።

ስለ መገናኘታቸውም ልናገር። በር ላይ መጋጨቱ አክስትሽ ላይ በእውነት ደርሷል ብለሻል። አልጠራጠርም። ኦስተን እዚህም ላይ ቀድማሻለች። በአና ረቂቅ ውስጥ አንድ ሰው ክንዱ በተሰበረ ማግስት ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ወደ በረት ሲራመድ አይታ ሰረዘችው። የሚገርመው፣ የአና አባት ራሱ ክንዱ ተሰብሮ እንደታሰረለት ወዲያው ወጥቶ እንደሄደ ታውቅ ነበር። ነገሩ ሆኗል፤ ግን ብዙ ጊዜ የማይሆን ስለሆነ መጽሐፍ ላይ ሲነበብ ውሸት ይመስላል። «በእውነት የሆነ ነው» የሚለው መከላከያ አንባቢ ዘንድ አይሠራም፤ አክስትሽን አያውቃትም።

አንድ አጋጣሚ ይፈቀድልሻል፣ መጀመሪያ ላይ። አንቺ ግን ሦስት ጊዜ ነው በአጋጣሚ ያገናኘሻቸው፤ 2 ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት ከተማ። ሰዎች የሚቀራረቡት በምንድን ነው? ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ላይ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳትመው ነበር። ጓደኛሞች የሆኑት በብዛት በራቸው ጎን ለጎን የሆነ ሰዎች ነበሩ። ከደረጃው ሥር የሚኖሩት ደግሞ ላይኛው ፎቅ ካሉት ጋር ከሌሎቹ ይበልጥ ተወዳጅተዋል፤ መተላለፊያው በደጃቸው ነውና። ለፍቅር ጸሐፊ ይሄ ወርቅ ነው። ዕጣ ፈንታን ከምታስቸግሪ ደረጃና ግቢ ስጫቸው። ያ አሮጌ ሊፍት በየሳምንቱ ይበላሽ። ዳንኤል የመሣሪያ ሳጥኑን የሚያስቀምጠው ግቢው ውስጥ፣ ማርታ ማለፍ ያለባት በር አጠገብ ይሁን። አራተኛ ጊዜ ሲገናኙ አንባቢ «ምን አጋጣሚ ነው!» አይልም። አንዴ ደግሞ ሊፍቱ ደህና ሆኖ ሳለ ዳንኤል ይምጣ። ማርታ ታስተውለዋለች፣ ምንም አትልም።

ገለጻሽን ቀንሺ። የማርታን ክፍል ከበሩ ጀምረሽ በግራ በኩል ያለውን፣ ከዚያ በቀኝ ያለውን እየቆጠርሽ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። (አናም ይሄው አመል ነበረባት፤ አክስቷ የቀኝና የግራ ዝርዝር በዛብኝ ብላታለች።) ሰው ክፍል ሲገባ የሚያየው የሚያስፈልገውን ወይም የሚያስፈራውን ነው። ሁለት ሦስት ነገር ይበቃል፣ በማን ዓይን እንደታየ ከታወቀ። ማርታ መስታወት ፊት ቆማ የራሷን ዓይንና ከንፈር የምትዘረዝርበትን አንቀጽም አውጪው፤ ማንም ሰው ጥርሱን እያጸዳ ስለ ዓይኑ ቀለም አያስብም። መልኳን ዳንኤል ይንገረን፤ ያውም የሚነግረን ካሜራውን ስትይዝ ምላሷን በጥርሷ ነከስ እንደምታደርግ ይሁን።

«የፍቅር ማዕበል ናጣት»፣ «በዓይኖቹ ባሕር ሰመጠች» የመሳሰሉትንም እርሳስ አንስተሽ አሳድጃቸው። አና በረቂቋ አንዱን ሰው በተበላ ሐረግ «የብልግና አዙሪት» ውስጥ ስትጥለው፣ ኦስተን ሰውየው መበላሸቱን አልቃወምም፣ አነጋገሩን ግን አልችለውም፣ የልብ ወለድ ቋንቋ ነው ብላታለች። ያንቺም ማርታ ትስመጥ ግድ የለም። አሰማመጧ ግን የራሷ ይሁን። ፎቶ አንሺ ናት፤ ስትወድ ምን ይሆናል? ምናልባት ካሜራዋ ውስጥ ያሉትን ስትገለብጥ ሊፍቱን አነሳለሁ ብላ ያነሳችው ሁሉ የእጁ ፎቶ ሆኖ ታገኘዋለች።

የማርታ ጓደኛ ሣራ አሁን ያላት ሥራ «ትወጂዋለሽ አይደል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። የራሷ ጣጣ ይኑራት። ማርታ ስለ ዳንኤል ልትነግራት ስትደውል ሣራ የራሷን ወሬ ጀምራ አላስወራም ትበላት። ይበቃል።

መረጃውን ከየት ላምጣ ካልሽ፣ የጎብኚ መጽሐፍ አይጠቅምሽም። የቤት ኪራይ ማስታወቂያዎችን አንብቢ። ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለው የለውም፣ መጸዳጃው የት ነው፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል፤ ፎቶውም የክፍሉን እውነት ባለቤቱ ሳይፈልግ ያሳይሻል። በጎግል ካርታ ላይ መንገዱን በእግር ሂጂው፤ ማርታ ከሜትሮ (ከምድር ውስጥ ባቡሩ) ወርዳ ቤቷ እስክትደርስ በየትኞቹ ሱቆች ደጃፍ እንደምታልፍ እዪ። ሜትሮው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አለፍ ብሎ እንደሚቆምም ያዢ፤ ለመለያየት ሰዓት የሚመለከቱ ሁለት ሰዎች ሲያስፈልጉሽ ይጠቅምሻል። የምታገኚውን ሁሉ ግን መጽሐፉ ውስጥ አትዘርግፊው። አንቺ ካወቅሽው፣ ማርታ ሳትናገረው በእግሯ ትሄድበታለች።

ከተማው ውስጥ የኖረ ሰው ካገኘሽ ደግሞ ውብ የሆነውን ንገረኝ አትበዪው፤ የታወቀውን ነው የሚነግርሽ። ምን ያናድድህ ነበር በዪው። ጎረቤቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጮኸው? ቁልፍ ውስጥ ቀርቶ ሲዘጋበት ማንን ጠራ? ዕቃውን ስድስተኛ ፎቅ እንዴት አወጣው? ማንስ አገዘው? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጥሽን መልስ በደንብ ጻፊው፤ ከብዙው ውስጥ የፍቅር ታሪክ ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው።